ጥላሁን በወሊሶ መንገድ ላይ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ የእናንተ ያልሆነ ደግሞ፣ እንኳን ለጎረቤታችሁ ዶሮ ወጥ አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፈው ቅዳም ሹር ማታ ነው። ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። የጠዋቱ ቄጤማ ጭንቅላቴ ላይ እንደታሰረ ነው። ሁሌ በበዓል የምልክላችሁ አጭር ምርቃት ነበር። ዘንድሮ ግን ዛሬ መንገድ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጠዋት ለአክስቴ ዶሮ ላደርስ ወጣሁ። አክስቴ ወለቴ ነው የምትኖረው። አክፍላለች፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እንዲህ ያለችን ሴት ገበያ መላክ ግፍ ነው። ዶሮዋን አየር ጤና ገዛሁ። ከነጋዴው ጋር በዋጋው የተባባልነውን ለበዓሉ ስል እተወዋለሁ። በፌስታል አንጠልጥዬ ታክሲ ስገባ ወያላው «እሷም ትከፍላለች» አለ። ሰው ሳቀ፤ ዶሮዋ ዝም።

ካራ ቆሬን አለፍ እንዳልን መንገዱ ተዘጋ። በግ የጫነ አይሱዙ መሀል አስፋልት ላይ ጎማው ፈንድቶ ቆሟል። ከኋላችን ክላክስ፣ ከፊታችን «ባዕ»። ሰውዬው ጎማ እስኪቀይር በመስኮት ሳይ ጥላሁን ገሠሠን አየሁት። በስተግራ፣ አንድ መጋዘን የጎን ግድግዳ ላይ፣ ከታች እስከ ጣሪያው። ማይክራፎኑን ይዟል። ዓይኑን ጨፍኗል።

«ወራጅ አለ» አልኩ። የከፈልኩት እስከ ወለቴ ነበር። ይሁን።

ከቅርብ ሳየው ገረመኝ። ግድግዳው ለሥዕል ተብሎ የተሠራ አይደለም። ልስኑ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከጆሮው ተነሥቶ በጉንጩ ይወርዳል። የኮቱ የደረት ኪስ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ አለ። ልጆቹ ቆጣሪውን ሸፍነው ማለፍ ሲችሉ ከላዩ ነጭ መሀረብ ሣሉበት። ቆጣሪው ኪስ ሆኖ አረፈው። ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ መጥቶ የጥላሁንን ኪስ ይፈትሻል ማለት ነው።

ከሥሩ አንድ ሊስትሮ ተቀምጧል። ለምን እዚህ እንደመረጠ ጠየቅኩት። «ጥላ ስላለው» አለኝ። ስሙን አስቦ ይሁን ሳያስበው አላወቅኩም። ጫማዬን አስጠረግኩ። ዶሮዋን ያዘልኝ።

ሣዮቹ ሁለት የሰፈር ልጆች ናቸው። ለበዓሉ ሊያጸዱት መጥተዋል። ትከሻው ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ኖሮ፣ አንደኛው በቢላዋ ይፍቃል። ትልቁ የተወለደው በ2002 ነው። ጥላሁን ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ከማን ሰማችሁት ስላቸው ወደ ጎረቤት ሱቅ ጠቆሙኝ። ባለሱቁ ካሴቶቹን እስከ ዛሬ አልጣላቸውም። የአንዱን ሽፋን ፎቶ አንስተው፣ ግድግዳውን በገመድና በከሰል ካሬ ካሬ አስምረው፣ አንድ አንድ ካሬ እያሉ ነው የሞሉት። ቀለሙ የቤት ቀለም ነው።

«ዓይኑ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብን» አለኝ ትልቁ።

«ለምን?»

«መጀመሪያ ክፍት አድርገነው ነበር። ባለሱቁ መጣና፣ ይሄ ሰው ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል አለን። አጠፋነው።»

ሌላ ሰው ደግሞ እንባ ጨምሩበት ብሏቸው ነበር። ጥላሁን መድረክ ላይ እያለቀሰ ይዘፍን እንደነበር ታውቃላችሁ። ልጆቹ እምቢ አሉ። «እንባማ ቀላል ነው፣ ማንም ይሠራዋል» አለኝ ትንሹ፣ አፍንጫውን በቀለም ጣቱ እያሸ።

ከዚያ ወደ ሱቁ ገባሁና አንዱን ካሴት እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ባለሱቁ ቄጤማውን ግንባሩ ላይ አስተካከለ። «ዛሬ ቅዳም ሹር ነው ወንድሜ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ና» አለኝ።

ግድግዳው ግርጌ 1933 – 2001 የሚል ጽሑፍ አለ። ልጁ ያለ ወረቀት አነበነበልኝ፦ በመስቀል ተወለደ፣ በፋሲካ ሞተ። ልክ ነው። የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933፣ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ነው። 68 ዓመት፣ ከበዓል እስከ በዓል።

የዚያን ዓመት ፋሲካ እኔ አስታውሰዋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ለአባቴ የዶሮዋን ፈረሰኛ አውጥታለት፣ እሱ ገና ሊጎርስ ሲል ሬድዮው ተናገረ። አባቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። አባቴ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እናቴ «ኧረ በፋሲካ አይለቀስም!» አለችው። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤት አጥር ወዲያም ሌላ ሰው ሲያለቅስ ሰማን። እናቴ ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም። ፈረሰኛውን እኔ በላሁት፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምናዘዘው። ጥላሁን ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር አባቴ ከሥራ ቀርቶ ሄዷል።

ዛሬ ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ላክሁለትና ደወልኩ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «የት ነው ይሄ?» አለኝ። ከካራ ቆሬ ወደ ወለቴ መሆኑን ነገርኩት።

«እንግዲያማ መንገዱን ያውቀዋል» አለ።

ለካ እኔ አላሰብኩትም። ይህ አስፋልት በዓለም ገና፣ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ የሚገባው ነው። ጥላሁን አዲስ አበባ ይወለድ እንጂ ያደገው ወሊሶ፣ አያቱ ቤት ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደሚነገረው፣ ዘፋኝ እሆናለሁ ብሎ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ጠፋ። ቱሉ ቦሎ ዘመድ ቤት አደረ። ዘመዶቹም ለአያቱ ላኩባቸው፤ ወደ ወሊሶ እንዲመለስ ተደረገ። አንድ ሌሊት አደረና እንደገና ጠፋ። ሁለተኛው ላይ ግን በእግሩ አልሄደም። ዕቃ የጫነ መኪና ላይ ተደብቆ ነው የገባው። ወሊሶ ከዚህ ከተማ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ሀገር ፍቅርም፣ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬትም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም የዘፈነው ያ ሁሉ ዘፈን ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ ያልጠፋው ጭነት መሀል ኩርምት ያለው ልጅ ነው። ዛሬ በጎቹ በመጡበት በኩል ነው የመጣው። አያቱ ዳግመኛ ቢደርሱበት ኖሮ አባቴ በዚያ ፋሲካ ጉርሻውን ጎርሶ ይጨርስ ነበር።

አክስቴ ቤት ስደርስ ረፍዷል። ዶሮዋን ተቀብላ ከመዘነቻት በኋላ ስንት እንደገዛሁ ጠየቀችኝ። ቀንሼ ነገርኳት። እንዲያም ሆኖ «ተበልተሃል» አለች። ስልኬን አውጥቼ ሥዕሉን አሳየኋት። አራቀችው፣ አቀረበችው፣ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች።

«አፍንጫው የሱ አይደለም» አለች። ስልኩን ግን ቶሎ አልመለሰችልኝም።

እንግዲህ ፍስኩ በደህና ይሁንላችሁ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ በዚያ በኩል ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከካራ ቆሬ ወደ ወለቴ ስትሄዱ በስተግራ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥላ አለው። ባለሱቁም ከነገ ጀምሮ ካሴቱን ይከፍታል።