ቤዝመንታችን ውስጥ ያሉት አይጦች

ዛሬ ምኩራብ ነው፤ ጾሙ ከገባ ሦስተኛው እሑድ። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንዳጣጠፍኩ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ፤ እሑድ የአይጦቹ ሣጥን የሚጸዳበት ቀን ነው። አይጦቹ ስል ጋራዥ ውስጥ በወጥመድ የምናሳድዳቸውን ማለቴ አይደለም። እኔው ገዝቼ ያመጣኋቸውን፣ የምመግባቸውን፣ የማዋልዳቸውን፣ በመጨረሻም ለልጄ እባቦች ቀለብ የማደርጋቸውን ነው። ነገሩን ለሰው በቃል ማስረዳት ስለሚያስቸግረኝ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል በጽሑፍ ላስፍረው ብዬ ተቀመጥኩ።

የምንኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ነው። ትልቁ ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ውሻ ለመነን፤ እኔና ባለቤቴ በፈረቃ የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን፣ ውሻውን ማን ያወጣዋል ብለን ከለከልነው። እሱ ግን ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ ሲያነብ ከርሞ፣ የማይጮህ፣ ጠጉሩ የማይረግፍ፣ በየቀኑ ምግብ የማይፈልግ እንስሳ አገኘሁ ብሎ መጣ። እንስሳው ኮርን ስኔክ የሚባል የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነበር። መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ተጠምጥሞ በማነቅ ነው፤ ሲያድግ ከ1 ሜትር ይበልጣል፤ በሰው እጅ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር እኔ ያነበብኩት እባቡ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ሲመጣ እርሳስ የሚያክል ነገር ነበር። ከሱቅ የገዛንለትን የቀዘቀዘ የአይጥ ግልገል እያቀለጥን ብናቀርብለት ሦስት ሳምንት ሙሉ አፉን አልከፈተም። የሸጠልን ሰው በሕይወት ያለ፣ ገና የተወለደ ግልገል ሞክሩ አለን፤ ሞከርን፤ በላ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ግልገል ለመፈለግ በየሳምንቱ ከሱቅ ሱቅ መንከራተት ሆነ፤ አንዳንዱ ጋ አልቋል፣ አንዳንዱ ጋ ጭራሽ አይሸጥም። በመጨረሻ አንድ ወንድና ሦስት ሴት አይጦች ገዝቼ ቤት ገባሁ። ለጥቂት ወራት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ልጁ በዓመቱ ሁለት ተጨማሪ እባቦች አመጣ፤ እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንደሚባለው፣ አሁን ሦስቱ በሦስት ሣጥን ሆነው በመስታወት ይተያያሉ።

እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቀጥላ፣ «እኛ እኮ ጎታውን እንዳይጨርሱት ድመት ስንለምን ነው ያደግነው፤ አንተ ባሕር ተሻግረህ አይጥ ትቀልባለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለው መንደራችን ገብሱ ጎታ ውስጥ ከገባ ጀምሮ ጦርነቱ ከአይጥ ጋር ነበር፤ እናቴ ማታ ማታ ጎታውን በጭቃ ስትደፍን፣ እነሱ ሌሊት በሌላ በኩል ሲበሱ ነው የኖርነው። ያን ጊዜ አንድ አይጥ መግደል ሥራ እንኳ አይባልም ነበር። ዛሬ እኔ ከአንድ አይጥ ፊት ቆሜ ረጅም ጊዜ የማስበው፣ ሰው ተለውጬ ይሁን ወይስ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይሁን ለመለየት ይቸግረኛል።

መጀመሪያ ያሸነፈኝ ግን ኀዘኔታው ሳይሆን ሒሳቡ ነው። አይጥ የምታረግዘው ከ19 እስከ 21 ቀን ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ስምንትም አሥርም ትወልዳለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ጠጉር የላቸውም፤ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ዝግ ነው፤ ክብደታቸው ከ1 ግራም ብዙ አያልፍም፤ ቆዳቸው ከመሳሳቱ የተነሣ የጠቡት ወተት ሆዳቸው ውስጥ እንደ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። በሳምንት ጠጉር ያወጣሉ፣ በሁለት ሳምንት ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ በሦስት ሳምንት ጡት ይተዋሉ። የእባብ አርቢዎች ለየደረጃው ስም አላቸው፤ መላጣውን ፒንኪ፣ ጠጉር የጀመረውን ፈዚ፣ መዝለል የጀመረውን ሆፐር ይሉታል፤ የእባብ ምግብ ከራሱ ከእባቡ ውፍረት ጋር መመጣጠን ስላለበት ስሙ እንደ ልብስ ቁጥር ያገለግላል። ወንዱ አብሯት ካለ ደግሞ እናቲቱ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ ሴት ልጆቿም አምስት ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው ለራሳቸው ይደርሳሉ።

ይህንን ሁሉ አውቄ ነበር፤ ማወቅና ማስላት ግን ይለያያሉ። ያደገ ኮርን ስኔክ አንድ አይጥ በልቶ አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሦስቱም አድገው ቢሆን እንኳ የሚያስፈልጉን በወር ከሰባት እስከ ዘጠኝ አይጦች ናቸው፤ ሦስቱ እናቶች ግን በወር ከሃያ በላይ ይወልዱ ነበር። ወንዱንና ሴቱን ለይቼ ለየብቻ አስቀመጥኩ ያልኩት ሣጥን ውስጥ አንድ ወንድ ተሳስቼ ትቼ ኖሮ፣ በአራተኛው ወር ቆጥረን ስልሳ ሦስት አገኘን። የግልገል ወንድና ሴት የሚለየው በሽንትና በሰገራ መውጫ ቀዳዳዎቹ መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ልጄ በአንድ እይታ ያውቀዋል፣ እኔ መነጽር አድርጌም እሳሳታለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ መለየቱ የእሱ ሥራ ነው።

የስልሳ ሦስት አይጥ ሽታ ምን እንደሚመስል ያልቀመሰው አያውቀውም። ሽንታቸው ሲከማች አሞኒያ ይሆናል፤ በተለይ የወንዱ ሽንት የከበደ ነው። የኦሮራ ክረምት ስለሚበርድ ጋራዥ ውስጥ ማኖር አይቻልም፤ ቤዝመንት ሲሆኑ ደግሞ ማሞቂያው አየሩን እየሳበ ወደ ላይ ያመጣዋል። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ቡና ስታፈላ ዕጣኑን ከወትሮው በእጥፍ ታጨስ ጀመር። አንድ ቀን የመጣች እንግዳ ስኒዋን እንደያዘች፣ «ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቷል እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ ዝም ብላ አየችኝ፤ መልሱን እንድሰጥ መሆኑ ገብቶኝ ነበር፤ አልሰጠሁም።

ቀስ በቀስ ግን አያያዙን ተማርኩ። ሣጥኖቹ ጎናቸው ለስላሳ የሆነ፣ ክዳናቸው የሽቦ መረብ የተገጠመለት ፕላስቲክ ናቸው፤ ጠርዝ ካገኙ ቆርጥመው ይወጣሉ። ምንጣፋቸው የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ መልካም ሽታ ያለው የሴዳር ሰጋቱራ የሚያወጣው ዘይት ለአይጥ ሳንባ ጠንቅ መሆኑን ያወቅሁት አንድ ጆንያ ከገዛሁ በኋላ ነበር። ምግባቸው ለቤተ ሙከራ አይጦች ተብሎ የሚዘጋጀው ደረቅ ጥፍጥፍ ነው፤ የሚያጠቡ እናቶች ፕሮቲን ሲጎድላቸው ልጆቻቸውን ሊበሉ ስለሚችሉ በእሱ ላይ አልቆጥብም። ሲጸዳም ሁሉንም ነገር አላወጣም፤ ከአሮጌው ጎጆ እፍኝ ያህል መልሼ አስገባለሁ፤ የራሳቸው ሽታ ከጠፋባቸው ይደነግጣሉ። ወንድ ከወንድ ጋር አላኖርም፤ ይነካከሳሉ።

ስለ ውኃው ግን ለብቻው መጻፍ አለብኝ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ዓርብ ማታ ጠርሙሶቹን ሞልቼ ሰቀልኩ። ከጠርሙሶቹ የአንዱ አፍ ከተቆለለ ፍቅፋቂ ጋር ስለተነካካ ውኃው በሌሊት ሁሉ ፈስሶ አለቀ፤ ቅዳሜ ሁለት ፈረቃ ሠርቼ ስለነበር አልወረድኩም። እሑድ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ከዘጠኙ ግልገሎች የቀሩት ሁለት ነበሩ። እናታቸው ጥጉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ አየና ምንም ሳይናገር ደረጃውን ወጣ። እስከዚያን ቀን ድረስ በገዛ እጄ ከመቶ በላይ ገድዬ ነበር፤ አሁን ድረስ ሌሊት የሚከነክነኝ ግን ያ ሣጥን ነው። የገደልኳቸውን የገደልኩት ለምን እንደሆነ ይታወቃል። እነዚያ ሰባቱ ግን የሞቱት አንድ ሰው ደክሞት ስለተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ይሰቀላል፤ የጠዋት ቡናዬን ከመጠጣቴ በፊት በጣቴ እየነካሁ መንጠባጠባቸውን አያለሁ።

ስለ መግደሉም ሳልጽፍ ብቀር ይህ ማስታወሻ ግማሽ ይሆናል። እባቡ ራሱ ይገድላቸው የሚሉኝ አሉ። ነገር ግን ሊሞት የተያዘ አይጥ ይነክሳል፤ የአይጥ ጥርስ ደግሞ የእባብን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ አይጧም ብትሆን በፍርሃት ጥግ ለጥግ ስትሮጥ መቆየቷ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ገድለን፣ አቀዝቅዘን፣ በሚፈለግበት ቀን እናቀልጣለን። ያቺ እርሳስ የምታክለው እባብም ከጥቂት ወራት በኋላ የቀለጠውን መብላት ለምዳለች። አንዲት የእንስሳት ሐኪም ባሳየችን መንገድ የምንጠቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ጋዙ በደቂቃ ከሣጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶ በሆነ መጠን ቀስ ብሎ መግባት አለበት፤ በአንዴ ከተለቀቀ ያማቸዋል። አዲስ የተወለዱትን ጋዙ ቶሎ አያደክማቸውም፤ ይህንን ስሰማ ግልገል ገድሎ ማቀዝቀዙን ተውኩት።

በልጅነቴ በትንሣኤ ዋዜማ አባቴ በግ ሲያርድ እግሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ ባርኮ ያርዳል፤ እኔም የሚገፈፈውን ቆዳ እየሳብኩ ስለ ዱለቱ አስባለሁ። ያ በግ ግን እኛ ያሳደግነው አልነበረም፤ ከገበያ መጥቶ ሁለት ሦስት ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ያደረ ነው። የእነዚህን ግን የተወለዱበትን ቀን በደብተር መዝግቤአለሁ፤ ዓይናቸው ሲገለጥ አይቻለሁ። አንድ ቀን ጋዙን ስከፍት በስመ አብ የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠ። ለእባብ ቀለብ ይህ ይባላል ወይ ብዬ ወዲያው አፈርኩ፤ የንስሐ አባቴን ለመጠየቅ ግን እስካሁን አልደፈርኩም።

ሬሳዎቹ የሚቀመጡት ከቤተሰቡ ምግብ ጋር አይደለም፤ ለእነሱ ብቻ አሮጌ ትንሽ ፍሪዘር ገዝተናል። ማቀዝቀዝ ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አይገድልም፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 በቀዘቀዙ የቀለብ አይጦች ምክንያት ሰዎች መታመማቸውን አስታውቆ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይነኳቸው ስለሚመከር የሦስት ዓመቷ ልጃችን ቤዝመንቱን የምታየው ከደረጃው ራስ ላይ ሆና ነው። አይጡ የሚቀልጠው ለብቻው በተዘጋ ፌስታል ሆኖ፣ በስተመጨረሻም ለብ ባለ ውኃ ነው፤ በማይክሮዌቭ የሞከረ ጓደኛዬ ምን እንደገጠመው አልጽፍም። በጾም ወራት ወጥ ቤታችን ከሽሮና ከምስር ሌላ ሳይኖረው፣ ከእግራችን ሥር ሥጋ የሞላ ፍሪዘር ሲያጓራ መስማቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ልጄ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤት ስለ አይጥ ሲያጠና አቢ ላትሮፕ ስለምትባል ሴት አነበበልኝ። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግራንቢ በምትባል ቦታ፣ መምህርነቱን ትታ አይጥ ለሽያጭ ታረባ ነበር፤ ተመራማሪዎች ከእሷ ይገዙ ጀመር። ዛሬ በቤተ ሙከራ እጅግ የተለመደው የጥቁር አይጥ ዘር የተገኘው ከእሷ ከተወሰደች ቁጥር 57 ከተባለች አይጥ ነው። ልጄን ያስገረመው የሳይንሱ ነገር ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ሴትዮዋ መዝገብ ትይዝ የነበረች መሆኗ ነው፤ በዚያው ማታ የእኔንም ደብተር አዲስ ሽፋን አለበስኩት።

አሁን ወንዱ ለብቻው ነው። ከሴቶቹ አንዷን ብቻ በሁለት ወር አንዴ ለአንድ ሳምንት ከእሱ ጋር አኖራታለሁ፤ የጎደለውን ከሱቅ እሞላለሁ። በገንዘብ ሲታሰብ የሚያተርፍ ነገር የለውም፤ ምግቡ፣ ፍቅፋቂው፣ ጋዙ ሲደመር መግዛቱ ይቀል ነበር። ልጄ ግን እባቦቹ የሚበሉት ነገር እንዴት ኖሮ እንደሞተ ማወቅ እፈልጋለሁ ይለኛል፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ሲል ደግሞ ፕላስቲክ ሣጥኑን ጣለው ማለት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ከመጡት ሦስት እናቶች የቀረችው አንዷ ነች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ይህ ለአይጥ እርጅና ነው፤ ወገቧ ጎብጧል፤ ከወለደች ዓመት አልፏታል። ልጄ ይህቺ ለእባብ አትሰጥም ብሎ ወስኖባታል፤ እኔም አልተከራከርኩም። ዛሬ ሣጥኗን ሳጸዳ መዳፌ ላይ አውጥቼ አስቀመጥኳት፤ እንደ ድሮው ለመዝለል አልሞከረችም። ስልኩ ጮኸ፤ እናቴ ነበረች፤ ከአገር ቤት ሌሊቱ ሳይገፋ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለ ጾሙ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማት ይመስል፣ «እሜቴስ እንዴት ነች?» አለች። አሮጊቷን አይጥ ማለቷ ነው፤ ስሙን ያወጣችላት ራሷ ነች። ካሜራውን አዙሬ አሳየኋት።