ሐረጎ ላይ ከኮፈኔ ሥር የተነሣው እሳት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እንዳጋመስኩ ከአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናዬ ኮፈን (የሞተር ክዳን) ጠርዝ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየሁ። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ሞተር ሳስነሣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኝ የነበረ ቢሆንም፣ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ቤንዚን ስለሚያበዛ ነው እያልኩ ችላ ብየው ነበር።

ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፤ አጎቴንና የልጅ ልጃቸውንም በተራራው በኩል አስወርጄ 30 ሜትር ያህል እንዲርቁ አደረግሁ። አጎቴ ሻንጣቸውን ሊያወጡ ሲመለሱ እጃቸውን ይዤ ከለከልኳቸው፤ ያን ቀን ተቀይመውኛል።

እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ልክ ነበር። የእሳት ማጥፊያዬ ግን ከኋላ፣ ከግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ሥር ተቀብሮ ነበር። ባዶ እጄን ተመልሼ ኮፈኑን ልከፍት ስል፣ ቁልቁል ይወርድ የነበረ የሲኖትራክ ሹፌር መኪናውን አቁሞ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ ብቻ ኮፈኑን እንዳትከፍተው!» እያለ የራሱን ማጥፊያ ይዞ ደረሰ። ኮፈን ባንዴ ሲከፈት አየር ስለሚገባ ነበልባሉ ፊት ላይ ይወጣል። ከመሪው ሥር ያለውን መክፈቻ ብቻ ስስብለት ኮፈኑ ጣት በምታስገባ ልክ ከፍ አለ፤ ዱቄቱንም በዚያች ክፍተት ነፋበት። አነስተኛ ማጥፊያ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያልቅ ጥቂት ዱቄት እንኳ አላባከነም። በጀሪካን ውሃ ይዞ የመጣውን ልጅም መለሰው፤ ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋልና። ነበልባሉ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ግን መኪናዋን ትቶ ከመሸሽ በቀር ምርጫ አልነበረንም።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሞተሩን ሳላስነሣ አስጎትቼ ወደ ጋራዥ ወሰድኳት። የቤንዚኑ ጎማ ቱቦ ደርቆ፣ ማሰሪያው ሥር ተሰነጣጥቆ ያንጠባጥብ ኖሯል፤ ከጎኑም ለተጨማሪ መብራት ያለ ፊውዝ ያስዘረጋሁት ሽቦ ልባሱ ተፍቆ ብረት ይነካ ነበር። ፊውዙን ያስቀረሁት ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ እኔው ራሴ ነኝ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ተቀጣጣይ ተን ስለሚያወጣ፣ በደሴ ብርድ መተማመን አይቻልም።

አሁን ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀይረዋል፣ ሽቦውም ፊውዝ አግኝቷል። ቤንዚን ከሸተተኝ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም። ማጥፊያው ከወንበሬ ሥር በማቀፊያ ታስሯል፤ በየወሩ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን አይቼ፣ ዱቄቱ እንዳይጋገር ገልብጬ እነቀንቀዋለሁ።