መኪናው ሄዶ ዕዳው ሲቀር

ከአደጋው በኋላ ገምጋሚው ደውሎ «መኪናዎ አይጠገንም» አለኝ። ማሠሪያው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልደነገጥኩም። ሙሉ ኢንሹራንስ ስላለኝ የባንኩን ብድር ይዘጉልኛል ብዬ ነበር።

አልዘጉትም። ኢንሹራንስ የሚከፍለው መኪናው በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን በአደጋው ዕለት ገበያ ላይ በሚያወጣው ነው። አዲስ መኪና ደግሞ ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል። ብድሩ ግን መጀመሪያ ላይ የሚቀንሰው እየተጎተተ ነው፤ ከየወሩ ክፍያ ቀላል የማይባለውን ወለዱ ይበላዋል። የኔ ቅድመ ክፍያ ትንሽ፣ የመክፈያው ጊዜም ረጅም ነበር። ቀሪ ዕዳዬን 100 ብንለው፣ መኪናው የተገመተው 80 ነው። 20 ጎደለኝ ማለት ነው። ጋፕ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ይህንን ጉድለት ነው። ስንገዛ እንደፈረምኩት ያስታወሰችኝ ባለቤቴ ናት፤ እኔማ ረስቼው ነበር።

በግምቱ ተናድጄ ተከራከርኩ። ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ የተቀራረበ ኪሎ ሜትር ያላቸውን የሽያጭ ማስታወቂያዎች ሰበሰብኩ። የጥገና ደረሰኞቼንም አያያዝኩ። ግምቱን ወደ 83 አሳደጉት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ጋፑ የሚከፍለው ከ20 ወደ 17 ወረደ እንጂ ወደ እኔ ኪስ የገባ ነገር የለም። ያን ሁሉ የለፋሁት ለካ ለጋፕ ሻጩ ነው! ጋፕ የሌለው ሰው ግን ይከራከር፤ የሚያስጨምረው ሁሉ ከራሱ ዕዳ ላይ ይቀነስለታል።

ትልቁ ስህተቴ ሌላ ነው። መኪናው ከሌለ ምን እከፍላለሁ ብዬ የአንድ ወር ክፍያ ዘለልኩ። የካሳው ጉዳይ እስኪያልቅ ብድሩ መቁጠሩን አያቆምም። የዘለልኩትን ወርና ቅጣቱን ጋፑ አልነካቸውም። ኤክሰሱንም፣ ማለትም ዋናው ኢንሹራንስ ከካሳው ላይ የቀነሰውን የኔን ድርሻ፣ አልሸፈነም። ኤክሰስ የሚሸፍኑ ውሎች አሉ። የኔው ግን አይሸፍንም ይላል፣ በደቃቅ ፊደል። ከድሮ መኪና ተሻግሮ አዲሱ ብድር ላይ የተደረበ ዕዳንም ብዙዎቹ አይቀበሉም። እሱስ አልነበረብኝም።

የሁለቱም ኢንሹራንሶች ገንዘብ በቀጥታ ለባንኩ ሄደ። እኔ ኤክሰሱን፣ ያደረውን ወርና ቅጣቱን ከደሞዜ ከፍዬ የብድሩን መዝጊያ ደብዳቤ ተቀበልኩ። ወደ ቤት የተመለስኩት በእግሬ ነው።