ቁጥር 17 ሙቀቱን አልቻለችውም፣ አመለጠችው

ሸዋሮቢት ላይ ስንዴ በዘራሁበት የመጀመሪያ ዓመት አንዲት የማዳላላት ነበረችኝ። ስም የላትም፤ ቁጥር 17 ነው የምንላት። ለጥናቴ ከዘራኋቸው 64 የስንዴ ዘሮች አብዛኞቹ በመጋቢት ሐሩር ፍሬያቸው ተጨማዶ ገለባ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እሷ ግን ሙልት ያለ ፍሬ ሰጠችኝ። አማካሪዬ ጋ ደውዬ «አገኘኋት» አልኳቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። ማታ ራሴን ጥብስ ጋበዝኩ።

ጥብሱን ቶሎ ነው የበላሁት።

የማስተርስ ጥናቴ ስንዴ ሙቀትን የሚችልበት ዘረመል ላይ ነበር። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ሙቀት የማውቀው ምድጃ ዳር ነው። ግን አገራችን ለዚህ ጥናት የተሠራች ትመስላለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋሮቢት 1,300 ገደማ ላይ። የጣርማ በርን ዋሻ ስታልፍ ጋቢህን እንደተከናነብክ ነህ። ደብረ ሲናን ለቀህ ቁልቁል ስትወርድ ታጥፈዋለህ። ሮቢት ስትገባ የሸሚዝህን ቁልፍ ትከፍታለህ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ሌላ አገር ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል በውድ ይገዛል፤ እኛ ሚኒባስ እንሳፈራለን።

ስንዴ የደጋ ሰው ነው። በበጋ መስኖ ምክንያት ግን ወደ ቆላ እየወረደ ነው። አዋሽ ላይ ያለው የወረር ምርምር ማዕከል እንደ ፈንታሌና አሚባራ ያሉ ለቆላ የሚሆኑ ዝርያዎችን አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ትልቅ የሞዴል ጥናት የዓለም ሙቀት 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የስንዴ ምርት 6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ገምቷል። ስለዚህ ሙቀት የሚችለውን ዘር ፈልጎ ማግኘት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

አሠራሬ ወረቀት ላይ ቀላል ነበር። 64ቱን ዘሮች ሁለት ጊዜ ዘራሁ፤ አንዴ ኅዳር ላይ፣ አንዴ ጥር አጋማሽ ላይ። የኅዳሩ በቀዝቃዛው ወቅት ያብባል። የጥሩ ሲያብብ ሐሩሩ ይጠብቀዋል። በሁለቱ መካከል ምርቱ ብዙም ያልወረደ ዘር ሙቀት ቻለ ማለት ነው። እኔ እንደዛ ነበር ያሰብኩት።

ስንዴን ሙቀት ክፉኛ የሚጎዳው ዛላው ገና በቅጠል ተጠቅልሎ ሳለና ሲያብብ ነው። የአበባው ዱቄት፣ ፖለን የምንለው፣ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከዛላው ላይ ትንንሾቹን ቢጫ ከረጢቶች በወረንጦ እለቅማለሁ። መስታወት ላይ ጨፍልቄ የአዮዲን ጠብታ አደርግበታለሁ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። ስታርች የሞላው ጤነኛ ዱቄት ጥቁር ይሆናል፣ ክብ ነው፣ ጤፍ ይመስላል። ሙቀት የመታው ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ጎኑም ገባ ይላል። በቀን 20 መስታወት ስቆጥር ውዬ ስተኛ ጣራው ላይ ጥቁር ነጥብ ይታየኝ ነበር።

ሴሉ ውስጥ የሚሆነውን ለእድር ሰው ማስረዳት ይቀላል። ሙቀት ሲበዛ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ይስታሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እነሱን የሚያቃኑ ሂት ሾክ ፕሮቲን የሚባሉ አሉ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ጂኖችን የሚቀሰቅስ ሌላ ፕሮቲን ነው። በሰላሙ ጊዜ ሂት ሾክ ፕሮቲኖቹ ጥሩምባ ነፊውን ክንዱን ይዘው ያስቀምጡታል። ሙቀት ሲመጣ የተጎዱትን ሊያነሱ ይሮጣሉ፤ ጥሩምባ ነፊው ይለቀቃል። እሱም ጂኖቹ ላይ ሄዶ ይነፋል፤ ተጨማሪ ሂት ሾክ ፕሮቲን ይሠራል። ይህን ነገር መጀመሪያ ያየው ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራውን አሳተመ። የሚያጠናቸው ዝንቦች ያሉበትን ማሞቂያ ባልደረባው ሳያስበው ሙቀቱን ከፍ አድርጎት ነበር። የብልሽት ውጤት ነው እንግዲህ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እኔም የራሴ ብልሽቶች አሉኝ። ለዲኤንኤ የቆረጥኳቸውን ቅጠሎች እርጥብ እያሉ ፌስታል ውስጥ አስሬ ላክሁ። ላብራቶሪው «ሻግቷል» ብሎ መለሰልኝ። ሁለተኛ ጊዜ በሲሊካ ጄል አድርቄ ላክሁ። የቅጠል ሙቀት የምለካበት መሣሪያ ደግሞ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ ነው፣ በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ የሚደቅኑት ዓይነት። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እየዞርኩ ስለካ አንዳንዱ መደብ ከጎረቤቱ 3 ዲግሪ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። ጂን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ቦዩ አጠገብ ያለው ነው፣ ውኃ ጠግቦ በቅጠሉ እያላበው ራሱን የሚያበርድ። ሳሳ ያለውን መደብ ደግሞ ስለካ አፈሩንም ጨምሬ ነው የምለካው። ያንን ዳታ ግማሹን ጣልኩት።

አሁን ወደ 17።

ማሳውን ከወፍ የሚጠብቅልኝ አንድ የሮቢት ጎረምሳ ነበር። ወንጭፉ አይስትም። አጨዳው አልቆ ሂሳብ ስንተሳሰብ «ጋሼ፣ የ12 ቀን ይቀረኛል» አለኝ። የተዋዋልነው ዛላ ከወጣ ጀምሮ ነው አልኩት። «እኔስ ምን አልኩ? 17 ቀድማ ነው የወጣችው። ሌላው ሣር እያለ እሷ እሸት ነበረች። ወፉ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ለአንዷ ብዬ 12 ቀን ፀሐይ በላኝ።»

ከፈልኩት። ማታ ደብተሬን አወጣሁ። የማበቢያ ቀን ዓምዱ ተሞልቷል፣ በራሴ እጅ ነው የሞላሁት። 17 ያበበችው በየካቲት መጨረሻ ነው። አብዛኞቹ መጋቢት 10 ገደማ። ከሰዓት በኋላ 35 እና 36 ዲግሪ ያነበብኩበት ሳምንት የጀመረው መጋቢት 8 ነው። እሷ ያኔ አበባውን ጨርሳ ፍሬ እየሞላች ነበር። ሙቀቱን አልቻለችውም፤ ሳይደርስባት ሄደች።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣም ያው ሆነ። ካስመረመርኳቸው ማርከሮች፣ ማለትም የዲኤንኤ ምልክቶች፣ ከምርት ጋር አብሮ የሄደው ፒፒዲ-ዲ1 የሚባለው ነው። ይህ ጂን ከሙቀት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ የቀን ርዝመት የሚያነብ ነው። በበጋ እኛ አገር ቀኑ 12 ሰዓት አይሞላም። ቀን እስኪረዝም የሚጠብቅ ስንዴ ይዘገያል። የማይጠብቀው ፈጥኖ ያብባል። እኔ የቀን መቁጠሪያ ጂን ይዤ የሙቀት ጂን አገኘሁ ስል ነበር።

በማግስቱ አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። ትንሽ ዝም ብለው «የማበቢያ ቀኑን ተጽዕኖ ከስሌቱ አውጥተህ ነበር?» አሉኝ። አላወጣሁም ነበር። አሁን አንድ ዘር ሙቀት ቻለ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንዳበበ ነው። ማንም ቢሆን የሚለኝ።

በሁለተኛው ዓመት 10 ዘሮች ብቻ መርጬ የማበቢያቸውን ቀን አገናኘሁ። የሚዘገዩትን ቀድሜ ዘራሁ፣ 17ን 12 ቀን አዘግይቼ። ሁሉም በአንድ ሳምንት አበቡ። የ17 የአበባ ዱቄት ግማሽ በግማሽ ፈዛዛ ሆነ። መጀመሪያ ዓመት ዞር ብዬ ያላየኋት ቁጥር 41 ናት ጥቁሩ የበዛላት። ረጅም ናት፣ ነፋስ ይጥላታል፣ መልኳም ደስ አይልም። ግን ሙቀቱ ውስጥ ቆማ ነው የሠራችው።

ይህንን በሌላ መንገድ ላረጋግጥ ብዬ 41ን ደብረ ብርሃን በ24 ማሰሮ ተከልኩ። ሐሳቤ በቀዝቃዛው አሳድጌ ልታብብ ስትል ወደ ሮቢት ማውረድ ነው። ወሩ የውርጭ ነው። ማታ ማታ ማሰሮዎቹን ቤት አስገባለሁ፣ ጠዋት አወጣለሁ። እናቴ «ከውርጭ አድነኸው ለሐሩር ልትሰጠው?» ትለኛለች። 12ቱ በሚኒባስ በዚያው ቀን ሮቢት ደረሱ። የቀሩትን 12 የጫነው አይሱዙ አርማንያ ላይ ተበላሸ። ሁለት ቀን ሸራ ለብሰው እዚያው ከረሙ፣ እኩለ ቀን ላይ ከሸራው ሥር እንደ ምጣድ ነው። አለቁ ብዬ ነበር።

በሚኒባስ የወረዱት በሳምንቱ የቅጠላቸው ጫፍ ነደደ። ከአይሱዙው የወረዱት ግን አረንጓዴ ነበሩ። አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ የላብራቶሪ ተክል ላይ ይህ ይታወቃል። ቀድሞ መጠነኛ ሙቀት ያየ ተክል ሂት ሾክ ፕሮቲኑን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ኤችኤስፒ101 የተባለው ከሌለው ግን ያ ልምምድ አይጠቅመውም። ለአማካሪዬ ስነግራቸው ሳቁ። «ይህ ሙከራ አይደለም፣ የመኪና ብልሽት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ጽሑፌ ውስጥ አልገባም። የሪቶሳንም ብልሽት አስታወስኳቸው እንጂ ዝም አላልኩም። አሁን ግን ማንኛውንም ተክል ወደ ሙቀት ከማስገባቴ በፊት ደረጃ በደረጃ አለማምደዋለሁ፣ ያለማመድኩበትንም ቀን እጽፋለሁ።

17ን አልጣልኳትም። የሮቢት ገበሬዎች ማሳዬን ሲያዩ የሚመርጡት እሷን ነው። ከስንዴው በኋላ ማሾ መዝራት ይፈልጋሉ፤ መሬቱ ቶሎ ይለቀቅላቸው እንጂ ቻለችው አመለጠችው ብዙም አይገዳቸውም። እና ዘንድሮ 17ን ከ41 ጋር አዳቀልኳቸው። የ17ን አበባ ሳይከፈት ወንዴውን በወረንጦ አውጥቼ፣ ዛላውን በወረቀት ሸፍኜ፣ በሦስተኛው ቀን የ41ን ዱቄት ነሰነስኩበት። አምስት ዛላ ሸፍኜ አንዱን ወፍ ቀደደው።

23 ፍሬ አለኝ፣ ፖስታ ውስጥ፣ ከእናቴ ቁም ሳጥን ላይ። ኅዳር ላይ ሮቢት ይወርዳሉ። ከጎረምሳው ጋር ተዋውለናል፤ ክፍያው የሚጀምረው የመጀመሪያዋ ዛላ ብቅ ካለችበት ቀን ነው፣ የማንም ትሁን የማን።