የባልዲው ትሎችና ልጆቼ

የማድ ቤታችንን ትራፊ በልተው ወደ ማዳበሪያ እንዲለውጡልን በባልዲ ትል እናረባለን። ልጆቼ ትል መንካትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመዱት፤ ምግብ ሳይጨምሩ መጠበቅን ግን እስከ አሁን እየተማሩት ነው። ድንች በተላጠ ቁጥር ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ እርቧቸዋል እኮ!» እያለች ልጣጩን ይዛ ወደ ባልዲው ትሮጣለች። ርኅራኄዋ ደስ ይለኛል። ሆኖም ትሎቹ ከሚጨርሱት በላይ የተጨመረ ምግብ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ አየሩንም ያሟጥጣል፤ ትል ደግሞ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ስለሆነ አየር ባጣ ጭቃ ውስጥ መቆየት አይችልም። ስለዚህ የቀድሞው ምግብ መልኩን እስኪለውጥ ድረስ ሌላ እንዳይጨመር ተስማምተናል።

ማደሪያቸውን የሠራነው ክዳን ካለው አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ነው። እኔ በጋለ ምስማር ከታች ውኃ የሚወርድበትን፣ ከጎንና ከክዳኑ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ስበሳ፣ ልጆቹ ካርቶን እየቀደዱ ውኃ ውስጥ ነከሩ። የተነከረው ካርቶን ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ይህን የሚፈርደው ታላቁ ልጄ ሲሆን፣ ኃላፊነቱን በጣም አክብዶ ይዞታል። ጥቂት አፈርና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊትም ጨመርንበት፤ ትል ጥርስ ስለሌለው ምግቡን የሚፈጨው አብሮ በሚውጠው ደቃቅ አሸዋ እየታገዘ ነውና።

ትሎቹ የመጡልን ኮምቦልቻ ካለ ዘመዳችን ነው። ከጓሮ ቆፍረን የምናወጣው ትል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኢሴኒያ ፌቲዳ የሚባሉት ቀይ ትሎች የሚኖሩት በእበትና በሚበሰብስ ቅጠል ውስጥ ነው። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ይስማማቸዋል። የሐረጎን ዳገት ወጥተው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ደሴ ሲመጡ ብርድ ይጠብቃቸው ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ባልዲውን ማድ ቤት አስገብተን በጆንያ እንጠቀልለዋለን፤ በብርድ ጊዜ አበላላቸው ስለሚቀንስም መጠበቁ ለልጆቹ ይበልጥ ይረዝምባቸዋል።

የጎመን ቅጠል፣ የድንችና የሙዝ ልጣጭ እንሰጣቸዋለን። ጨውና ዘይት የነካው የወጥ ትራፊ፣ ሥጋ፣ ሎሚና ብርቱካን አይገባም። የቡና አተላ ይወዳሉ፤ ነገር ግን ወሎ ቤት ቡና ስለማይቋረጥ እሱንም በልክ ማድረግ አለብን።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የማታው ሰዓት ነው። ትል ብርሃን ይሸሻል፤ ቀይ ብርሃንን ግን እምብዛም አይለየውም። ስለዚህ የስልኬን መብራት በቀይ ፌስታል ሸፍነን ክዳኑን ስናነሣ፣ ትሎቹ ሳይደናገጡ የሙዙን ልጣጭ ከሥሩ ሲያለሰልሱት እናያለን። ቻርልስ ዳርዊን በሸክላ ዕቃ ትል አሳድጎ ለፒያኖ ድምፅ ደንታ እንደሌላቸው፣ ዕቃው ፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ግን በንዝረቱ ወዲያው ወደ ጉድጓዳቸው እንደሚገቡ መመልከቱን ነገርኳቸው። ልጄ ሳይውል ሳያድር ከበሮ አመጣ። ከሩቅ ሲመታ ምንም አልሆኑም፤ ከበሮውን ከባልዲው አስጠግቶ ሲመታ ግን ላይ የነበሩት ወደ ውስጥ ተሸሸጉ። የነገርኩትን ሳይሆን ያየውን ለእህቱ ሲያስረዳት ሰማሁት።

እንቁላላቸውን ያገኘችው ትንሿ ናት። ከምስር የምታንስ፣ እንደ ሎሚ ጫፏ የሾለ፣ ወርቃማ ከረጢት ነበረች፤ ለመፈልፈል ስትቃረብ ትቀላለች፤ ከአንዷ ከአንድ በላይ ትል ሊወጣ ይችላል። ልጄ ይህን ከሰማች ወዲህ ባልዲውን ለመመገብ ብቻ ሳይሆን ለመቁጠርም ትከፍተዋለች።

ማዳበሪያው ሲጠቁርና አፈር አፈር ሲሸት ፕላስቲክ ላይ ቆልለን ፀሐይ እናሳየዋለን፤ ትሎቹ ብርሃኑን ሸሽተው ወደ ታች ሲወርዱ እኛ ከላይ እየገፈፍን ለቆስጣውና ለጤና አዳሙ እናነሣለን። ጎረቤታችን ቆስጣውን አይተው እሳቸውም ትል እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ትሎቹን ለሁለት ስንከፍል ግማሹን እንሰጣቸዋለን፤ ምን እንደማይገባና መቼ እንደሚጨመር የሚያስረዳቸውም ልጄ ነው።