ታወሩ ፊት ለፊት እየታየ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው?

ከጣርማበር አፋፍ እስከ መንዝ፣ ከአንኮበር ግርጌ እስከ መርሐቤቴ ባሉ የሰሜን ሸዋ ገጠር ቀበሌዎች አቤቱታው አንድ ነው። ስልኩ «ኔትወርኩ ፉል ነው» ይላል፤ ልጁ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ሊያይ ሲሞክር ግን ገጹ ሳይከፈት ይቀራል፣ ቴሌብር ላይ የተላከ ገንዘብም «በመጠባበቅ ላይ» እንዳለ ይመሻል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚያስበው ደብረ ብርሃን ወይም መርካቶ ወርዶ አንቴና መግዛትን ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሳትለኩ ብር አታውጡ። የዝግታው መነሻ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንቴና የሚረዳው በሁለቱ ነው፣ ለሦስተኛው ምንም አይፈይድም።

ለመለካት አንድ አንድሮይድ ስልክ ይበቃል። በብዙዎቹ ላይ በመደወያው *#*#4636#*#* ሲጻፍ፣ በሳምሰንግ ደግሞ *#0011# ሲጻፍ፣ የኔትወርኩ ዝርዝር ቁጥር ይወጣል። የፎርጂ ራውተር ያለው ሰው ከራውተሩ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ብራውዘሩ ላይ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ቢጽፍ እዚያም ያገኘዋል። የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው አርኤስአርፒ (RSRP) ነው፣ የሲግናሉን ጉልበት ይነግራል። ከዜሮ በታች ስለሚጻፍ ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል፦ -80 በጣም ጥሩ ነው፣ ከ-90 እስከ -100 ያሠራል፣ ከ-110 ወዲያ መንገዳገድ ይጀምራል፣ -120 አካባቢ ይቋረጣል። ሁለተኛው ኤስአይኤንአር (SINR) ነው፣ የሲግናሉን ጥራት፣ ማለትም ከሌላው ጫጫታ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይለካል። ከ20 በላይ ሲሆን ግሩም ነው፣ ከ13 በላይ ጥሩ ነው፣ ወደ ዜሮ ሲወርድ ፍጥነቱ አብሮ ይወርዳል። ስልኩ አናት ላይ የሚታዩት መስመሮች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ነው «ፉል» እያለ የሚንቀራፈፈው።

ሁለቱን ቁጥሮች ከፍጥነት መለኪያ ጋር አብራችሁ ጻፉ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ለሳምንት ያህል። ጉልበቱ ደካማ ከሆነ፣ ለምሳሌ -112 ሆኖ ጥራቱ 8 ወይም 10 ከሆነ፣ አንቴና በእርግጥ ይረዳችኋል። ጉልበቱ -85 ሆኖ ጥራቱ 2 ወይም 3 ከሆነ፣ ችግሩ ብዙ ታወሮች በአንድ ጊዜ መሰማታቸው ነው። ይህ በተለይ በመንዝ ጓሳ አካባቢና በሌሎች ከፍታዎች ይታያል፤ ቦታው ገላጣ ስለሆነ ስልኩ የቅርቡንም የሩቁንም ታወር እኩል ይሰማል። እዚህ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ አንቴና ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ጉልበት ስለሚጨምር ሳይሆን የሌሎቹን ድምፅ ስለሚቀንስ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ጥሩ ሆነው ማታ 1 ሜጋቢት፣ ሌሊት 20 ሜጋቢት ከሆነ ግን ታወሩ በሰው ብዛት ተጨናንቋል ማለት ነው። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም።

በዝናብ ጊዜ የሚመጣው ዝግታም ብዙ ሰው ያሳስታል። ጉምም ዝናብም በስልካችሁና በታወሩ መካከል ያለውን ሞገድ እምብዛም አይነኩትም፤ ስልኩ የሚጠቀምበት 1800 ወይም 2100 ሜጋኸርዝ በዝናብ አይሸነፍም። የሚጎዳው ታወሩ ራሱ ከሚቀጥለው ታወር ጋር የሚገናኝበት ማይክሮዌቭ የሚባለው የሬዲዮ መስመር ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ስለሚሠራ የሐምሌ ውሽንፍር ያዳክመዋል። ስለዚህ ሲግናሉ ሳይቀንስ ኢንተርኔቱ ብቻ ሲሞት ጣራ ላይ ወጥታችሁ አንቴና አታዙሩ። መብራት ሲጠፋም የታወሩ ባትሪ እስኪያልቅ ይሠራና ድንገት ይጠፋል፤ የጠፋበትን ሰዓት መዝግቡ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል።

የሰሜን ሸዋ መልክዓ ምድር የራሱ ጣጣ አለው። ደጋው ሜዳ ይመስላል፤ ግን ጀማና ሞፈር ውሃ የተባሉት ወንዞች ቆራርጠውታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሸዋ ሮቢት ከ1300 ሜትር በታች ትወርዳለች። ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ታወር አናታችሁ ላይ ቢሆንም፣ ከሥሩ ለምትኖሩት ዐለቱ ራሱ ግድግዳ ነው። ከአንኮበር ወይም ከጣርማበር ገደል በታች ያላችሁ፣ የቅርቡን ታወር ትታችሁ አንቴናውን በስተምሥራቅ ወደ ቆላው አዙራችሁ ሞክሩ። 15 ኪሎ ሜትር ርቆ በግልጽ የሚታይ ታወር፣ 2 ኪሎ ሜትር ላይ ተጋርዶ ካለው ይሻላል። ባሕር ዛፉንም አትርሱ። ታወሩን ሳይጋርድ የነበረ ችግኝ በሦስት በአራት ዓመት ከጣራ በላይ ይሆናል፣ እርጥብ ቅጠል ደግሞ ሞገድን ክፉኛ ይበላል። «ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን እንጃ» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ መልሱ ከጓሮ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ራውተርም መስኮት ጋ በመወሰዱ ብቻ ለውጡ ይታያል፤ ይህንን በነፃ ሞክሩት።

ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ኩባንያዎች ሲም እዚያው ቤታችሁ ጣራ ላይ ለኩ። ከ2015 መስከረም ወዲህ ሳፋሪኮምም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ስላለ፣ አንዱ በተጨናነቀበት ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሹን ላይኖርም ይችላል። ጎረቤት ቀበሌ «እገሌ ይሻላል» ስላለ አትወስኑ።

አንቴና መግዛት ካለባችሁ፣ ጥቅሉ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ። መዳፍ የምታክል ፕላስቲክ ላይ «28 ዲቢአይ» (የአንቴና አቅም መለኪያ ነው) ተጽፎ ይሸጣል፤ እንዲያ ያለ ነገር በዚያ መጠን አይሠራም። እውነተኛው፣ የዓሣ አጥንት የሚመስለው ወይም ጠፍጣፋው ፓነል፣ ከ8 እስከ 12 ዲቢአይ ይሰጣል። ፎርጂ በሁለት መስመር ስለሚሠራ አንቴናው ሁለት ገመድ ሊኖረው ይገባል፤ ሁለቱ አንቴናዎች ለየብቻ ከሆኑ አንዱ ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ፣ ሌላው ወደ ግራ 45 ዲግሪ ተጋድመው ይታሰራሉ። አንዱን ገመድ ብቻ መሰካት ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ራውተሩ ጀርባ ላይ ያለው መሰኪያ ኤስኤምኤ ይሁን ቲኤስ9 አስቀድማችሁ እዩ፤ አንዳንዱ ራውተር ጭራሽ መሰኪያ የለውም።

ገንዘብ በከንቱ የሚቀልጠው ግን ገመዱ ላይ ነው። ቀጭኑ አርጂ 58 ገመድ በ1800 ሜጋኸርዝ በ10 ሜትር 7 ዲሲቤል ገደማ ይበላል፣ ይህም ከጉልበቱ አምስት እጅ አራቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 9 ዲቢአይ አንቴና ገዝታችሁ የሚተርፋችሁ 2 ነው። ወፍራሙ ኤልኤምአር 400 በዚያው ርዝመት የሚበላው 2 ዲሲቤል ያህል ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ሲታጠፍም ያስቸግራል። እኔ የማደንቀው መፍትሔ ራውተሩ ራሱ ውጭ እንዲሰቀል የተሠራውን ዓይነት ወስዶ ምሰሶ ላይ ማሰር ነው። ከዚያ ወደ ቤት የሚወርደው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ሲግናል አያባክንም፣ መብራቱንም በዚያው ይሸከማል። ኬብሉ ለውጭ የተሠራ ጥቁሩ ይሁን፤ የቤት ውስጡን ነጭ ኬብል የደጋ ፀሐይ ሰነጣጥቆ ይጥለዋል።

ምሰሶው የብረት ቧንቧ ይሁን፣ በሦስት ሽቦ ይወጠር። የባሕር ዛፍ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ አንቴናውም አብሮ ከታወሩ ላይ ይነሣል። ስታስተካክሉ አንድ ሰው ጣራ ላይ፣ አንድ ሰው የራውተሩን ቁጥር ከሚያነበው ስልክ ጋር ይሁን። በ10 ዲግሪ በ10 ዲግሪ እያዞራችሁ፣ በያንዳንዱ ላይ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ቁጥሩ ወዲያው አይረጋም። የምትመርጡት ጉልበቱ የበዛበትን ሳይሆን ጥራቱ የበለጠበትን አቅጣጫ ነው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ውሃ በማያስገባ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉ፣ ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይለምበጥና ዝናቡ ከዚያ ይንጠባጠብ። አንድ ክረምት ብቻ ሠርቶ የሚሞት አንቴና ብዙውን ጊዜ የሚሞተው መጋጠሚያው ውስጥ በገባ ውሃ ነው። ምሰሶው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ፤ መብረቅ ሲያጉረመርም ኬብሉን ንቀሉ። ይህ ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ላለው ሰውም ነው።

መብራት በሌለበት፣ 8 ዋት የሚወስድ ራውተር በቀን 192 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። 12 ቮልት 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ተራውን የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ የሚያሠራችሁ አንድ ቀን ተኩል ነው። 100 ዋት ሶላር በበጋ በደንብ ይሞላዋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ምርቱ በግማሽ ስለሚወርድ ለጥቂት ያጥረዋል፤ 150 ዋት ግዙ ወይም ሌሊት አጥፉት። የደጋው ብርድም ከባትሪው አቅም ላይ ይቀንሳል፤ ባትሪውን ቤት ውስጥ አስቀምጡ።

ጎጡ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ጉብታው ላይ ጥሩ ኔትወርክ ካለ፣ ከጉብታው ወደ ታች በ5 ጊጋኸርዝ ጥንድ ሬዲዮ ማውረድ ይቻላል። ለ5 ኪሎ ሜትር፣ ዓይን ማየቱ ብቻ አይበቃም፤ መሃሉ ላይ ከመስመሩ ዙሪያ ቢያንስ 5 ሜትር ያህል ክፍት አየር ያስፈልጋል። ዛፍ ጫፉን እንኳ ቢነካው ፍጥነቱ ይወድቃል። የሬዲዮ ዕቃው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቀበለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ለጎረቤት በክፍያ ማከፋፈል ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል።

ልኬታችሁ «ታወሩ ተጨናንቋል» ካለ ሥራው የጋራ ነው። «ኔትወርክ የለንም» የሚል ደብዳቤ የትም አይደርስም፤ መሐንዲሱ የሚያየው ቁጥር ነው። በቀበሌው ከሚገኙ አሥር ያህል ቤቶች፣ ከትምህርት ቤቱና ከጤና ኬላው የተወሰደ ልኬት በአንድ ሠንጠረዥ ይቅረብ፦ ቦታው በጂፒኤስ፣ ቀንና ሰዓት፣ ሁለቱ ቁጥሮች፣ ፍጥነቱ፣ ስልኩ የሚያሳየው የሴል መለያ ቁጥር። በዚህ ላይ የተጠቃሚውን ብዛት፣ የገበያ ቀኑን፣ የመብራት መስመርና መኪና የሚያስገባ መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ጨምሩ፤ አዲስ ታወር ሲታሰብ ወጪውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ማመልከቻውን ለኩባንያው ቅርብ ጽሕፈት ቤት አስገብታችሁ የገቢ ቁጥር ተቀበሉ። መልስ ከጠፋ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወደተቋቋመው ባለሥልጣን ቅሬታ ስታቀርቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት ያንኑ ቁጥር ነው። «ተስተካክሏል» ስትባሉም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ድጋሚ ለኩ፤ የማታ 2 ሰዓቱ ፍጥነት ካልተለወጠ፣ አዲሱን ሠንጠረዥ ከአሮጌው ጋር አያይዛችሁ መልሳችሁ አስገቡ።