ብርሃኑ እስኪመለስ፦ የሊፒድ ዲፊውዥንን በፍራፕ እንዴት እንደለካሁ

የህዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ናኖሜትር ቢሆን ነው። በውስጡ ያሉት ሊፒዶች (ቅባት መሰል ሞለኪውሎች) ግን አንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም፤ በገበያ ቀን ግፊያ ውስጥ እንዳለ ሰው፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው እየተተካ ያለማቋረጥ ይዘዋወራሉ፤ ይህ እንቅስቃሴ ዲፊውዥን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ተመራማሪዎቹ ፍራይና ኤዲዲን የአይጥና የሰው ህዋሶችን አዋህደው፣ የሁለቱ የገጽ ፕሮቲኖች በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በ40 ደቂቃ ገደማ እንደሚደባለቁ አሳይተዋል። እኔን የሳበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይንቀሳቀሳሉ ካልን፣ በምን ያህል ፍጥነት?

የመረጥኩት መንገድ ፍራፕ (FRAP) ይባላል፤ ብርሃንን አጥፍቶ ሲመለስ መለካት ማለት ነው። የትንተናውን መሠረት አክሰልሮድ፣ ዌብና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1976 አስቀምጠውለታል። ከሊፒዶቹ ጥቂቶቹ ላይ የሚያበራ ቀለም ይታሰራል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ክብ ቦታ በጠንካራ ሌዘር ትመታና ቀለሟ ይጠፋል። የጠፋው ቀለም በአብዛኛው ተመልሶ አያበራም። ክቧ ቀስ በቀስ ብርሃን የምታገኘው ከውጭ ያሉ ጤነኛ ሞለኪውሎች ሲገቡና የጠፉት ሲወጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የተመለሰበት ጊዜ የእንቅስቃሴያቸው መለኪያ ይሆናል።

በሕያው ህዋስ አልጀመርኩም። መስታወት ላይ የተነጠፈ፣ አንድ ዓይነት ሊፒድ ብቻ ያለበት ሽፋን ነው የሠራሁት። ሊፒዱ ዲኦፒሲ ነው፤ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ17 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በክፍል ሙቀት ሁልጊዜ ፈሳሽ ነው። 0.5 ከመቶ ያህል፣ ሮዳሚን የተባለ የሚያበራ ቀለም የታሰረበት ሊፒድ ጨመርኩበት። ሊፒዱ የሟሟበትን ክሎሮፎርም በናይትሮጅን አትንኜ፣ ቅሪቱ እንዲወጣ ሊፒዱን ቫኪዩም ውስጥ አሳደርኩት፣ በበፈር (አሲድነቱ በማይለዋወጥ ውሃ) አራስኩት፣ ደጋግሜ አቀዘቀዝኩና አሟሟሁት። በመጨረሻም ባለ 100 ናኖሜትር ቀዳዳ ማጣሪያ ባለው ኤክስትሩደር (ፈሳሹን በማጣሪያ ገፍቶ በሚያሳልፍ መሣሪያ) ከአንዱ ስሪንጅ ወደ ሌላው አመላለስኩት፤ ሊፒዱ ትንንሽ ከረጢቶች ሆኖ ይወጣል። ምልልሱ ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት፤ ያኔ የተጣራው ከተነሣበት ስሪንጅ ማዶ ይቀራል፣ ሳያልፍ የቀረ ትልቅ ቅንጣት አይቀላቀልበትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ውጤቱን የሚወስነው መስታወቱ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ጽሑፎች ላይ «መስታወቱ ታጠበ» ተብሎ በአንድ ሐረግ ስለሚታለፍ ነው። ትንንሾቹ የሊፒድ ከረጢቶች መስታወቱ ላይ ሲያርፉ መፈንዳትና እርስ በርስ መቀላቀል አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ገጹ ውሃ የሚወድ መሆን አለበት። እኔ በሳሙና አጥቤ፣ ደጋግሜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ፣ በፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) አጽድቼ ሳይውል ሳያድር እጠቀምበታለሁ። የጸዳ መስታወት ላይ የውሃ ጠብታ ተዘርግታ ትተኛለች፤ ተሰብስባ ከቆመች ገና አልጸዳም ማለት ነው። በፈሩ ውስጥ ጨውና ትንሽ ካልሲየም መኖሩ መፈንዳቱን ያግዛል። ሽፋኑ ከተነጠፈ በኋላ አየር እንዲነካው አልፈቅድም። ትርፉን ከረጢት ሳጥብ ሁልጊዜ ከላይ ውሃ እተዋለሁ፤ አንዲት የአየር አረፋ ስታልፍበት ሽፋኑን ልጣ ትወስደዋለችና።

አሁን ማይክሮስኮፑ ሥር የሚታየው አንድ ወጥ የሚያበራ ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ ግን ገና ምንም አይመሰክርም። ሳይፈነዱ የተለጠፉ ከረጢቶችም ጥቅጥቅ ብለው ሲቀመጡ እንዲሁ ወጥ ሆነው ይታያሉ፤ 100 ናኖሜትር የሆነ ነገር በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ተለይቶ አይታይምና። በዓይን አይለዩም፣ በፍራፕ ግን ወዲያው ይለያሉ። ከረጢቶቹ ተለያይተው ስለተቀመጡ ሊፒዱ ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም፣ የጠፋችውም ክብ እንደጠቆረች ትቀራለች። ስለዚህ ማንኛውንም ልኬት ከመጀመሬ በፊት አንዲት ክብ አጠፋና እጠብቃለሁ። ካልተመለሰች ሥራው ወደ መስታወቱ ይመለሳል፤ በሶፍትዌር የሚድን ነገር የለውም።

በኮንፎካሉ (በሌዘር እየቃኘ ምስል በሚያነሣው ማይክሮስኮፕ) ላይ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ምስሎች አነሣለሁ፣ በሙሉ የሌዘር ኃይል በአጭሩ አጠፋለሁ፣ ከዚያ በተቻለ መጠን በደካማ ብርሃን፣ የብርሃኑን መመለስ የሚያሳየው መስመር እስኪረጋ እቀርጻለሁ። ማንበቢያው ብርሃን ራሱም ቀለሙን ትንሽ በትንሹ ስለሚያደክም፣ ከክቧ ርቆ ያለ ሌላ ቦታ አብሬ እለካና እርማት አደርግበታለሁ። የጀርባውን ብርሃንም እቀንሳለሁ። ዲቴክተሩ (ብርሃን ተቀባዩ) በምንም ምክንያት ከአቅሙ በላይ መሙላት የለበትም፤ ከሞላ የመስመሩ ቅርጽ ይበላሻል።

ስሌቱ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሱምፓሲስ የተባለውን ተመራማሪ የ1983 ቀመር ነው፤ 0.224 በክቧ ራዲየስ ስኩዌር ተባዝቶ፣ ብርሃኑ በግማሽ ለመመለስ ለወሰደበት ጊዜ ይካፈላል። ራዲየሱ 5 ማይክሮሜትር፣ ጊዜው 2.8 ሰከንድ ከሆነ፣ የዲፊውዥን ኮፊሸንቱ (የእንቅስቃሴው ፍጥነት መለኪያ) 2 ካሬ ማይክሮሜትር በሰከንድ ይመጣል። ቀመሩ ግን ክቧ በቅጽበት እንደጠፋች አድርጎ ይቆጥራል። በእውነቱ ሌዘሩ ክቧን እየቃኘ ሲያጠፋ ጊዜ ይወስዳል፣ ሊፒዱም አይጠብቀውም። በዚሁ ፍጥነት አንድ ሞለኪውል በአንድ ሰከንድ ወደ 3 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ርቀት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምስል ላይ የምትታየው ጥቁር ክብ እኔ ካዘዝኳት ትሰፋለች፣ ጠርዟም ይደበዝዛል። ይህን ችላ ማለት ፍጥነቱን ከእውነተኛው ያሳንሰዋል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ምስል ላይ እውነተኛውን ስፋት ማንበብ ነው። ካንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ቀመር፣ የታዘዘው ራዲየስ ስኩዌርና የተነበበው ራዲየስ ስኩዌር ተደምረው፣ ለግማሹ ጊዜ 8 እጥፍ ይካፈላሉ። ለእኔ ይህ ከሁሉ ያሳመነኝ መንገድ ነው።

አንድ ክብ ለክቶ ቁጥር ማውጣት ይቻላል፤ ያ ቁጥር ዲፊውዥን ስለመሆኑ የሚመሰክረው ግን የክቧን መጠን መለዋወጥ ነው። ራዲየሱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ቅድም 2.8 ሰከንድ የነበረው በ10 ማይክሮሜትር ወደ 11 ሰከንድ ይሄዳል። ጊዜው ከመጠኑ ጋር የማይለወጥ ከሆነ፣ የማየው እንቅስቃሴ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ምናልባት ሞለኪውሉ እየተጣበቀና እየተላቀቀ፣ ወይም ቀለሙ በራሱ እየበራ። እኔ አሁን በአንድ ክብ ብቻ የተሠራ ልኬት ሳነብ ቁጥሩን በጥርጣሬ ነው የምይዘው። ሌላው መመስከሪያ ዲፒፒሲ ነው። ይህ ሊፒድ ከ41 ዲግሪ በታች የረጋ ስለሆነ በክፍል ሙቀት ብርሃኑ አይመለስም ማለት ይቻላል። ዘዴው መቆም ያለበት ቦታ ላይ መቆሙን ማየት ለዲኦፒሲው ውጤት የልብ ልብ ይሰጣል።

ሙቀቱን ከናሙናው አጠገብ እመዘግባለሁ። የዘይት ሌንስ ሙቀትን ስለሚስብ የማሞቂያው ሰሌዳ የሚያሳየው ቁጥር ናሙናው ያለበት ላይሆን ይችላል። ውጤቱን ስጽፍም መስታወት ላይ የተነጠፈ ሽፋን መሆኑን አብሬ እጽፋለሁ። በሽፋኑና በመስታወቱ መካከል ያለው የውሃ ንጣፍ ከ1 እስከ 2 ናኖሜትር ብቻ ነው፣ የመስታወቱም ጫና ሊፒዱን ያዘገየዋል። በዚያው ላይ የለካሁት የቀለሙን ሊፒድ እንጂ ራሱን ዲኦፒሲን አይደለም።

ኮንፎካል የሌለው ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ እፈልጋለሁ። በተራ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የብርሃኑን መስክ ማጥበቢያ ዘግቶ፣ በመብራቱ ሙሉ ኃይል ክብ ማጥፋት፣ ከዚያ ከፍቶ በካሜራ መቅረጽ ይቻላል። ትንተናውን ፊጂ የተባለው የምስል ትንተና ሶፍትዌር በነፃ ይሠራዋል። በኢትዮጵያ ለቲቢ ምርመራ ያገለገሉት የኤልኢዲ ማይክሮስኮፖች ለኦራሚን ቀለም በሰማያዊ ብርሃን ነው የሚሠሩት፤ ኤንቢዲ የተባለ ቀለም የታሰረበት ሊፒድም በዚያው ሰማያዊ ያበራል፣ በቀላሉም ይጠፋል። ማጥበቢያና ካሜራ ያለው እንዲህ ያለ መሣሪያ ለዚህ ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ከሌዘር ስለሚደክም ክቧን ማስፋት ያስፈልጋል። በ30 ማይክሮሜትር ራዲየስ ግማሹ ብርሃን የሚመለሰው በ100 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ማጥፋቱ ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ እስካለቀ ድረስ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ምስል ማንሣት ይበቃል።